ድብርት ላይ ሆኖ ጥርስ መቦረሽ ያቃተው ሰው ከየት ይጀምር?

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። አንዱ መጥቶ «የአፍ ሽታ የሚያጠፋ ነገር ስጠኝ» ይላል፣ ሌላዋ «ድዴ ይደማል» ትላለች፣ ትንሽ ስናወራ ግን ነገሩ ወዲህ ነው፦ እንቅልፍ ካጣ ወራት ሆኖታል፣ ወይ ሐዘን ላይ ነው፣ ወይ ሥራ አቁሞ ቤት ከተኛ ቆይቷል፣ ወይ የጭንቀት መድኃኒት ጀምሯል። ከዛ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ይልና ድምፁን ቀንሶ «እውነቱን ልንገርህ፣ ጥርሴን መቦረሽ ራሱ አቅቶኛል፣ ምን ላርግ?» ይለኛል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ መልሱ ደግሞ ከኋላ ሰው ተሰልፎ እያለ በ2 ደቂቃ የሚነገር አይደለም፣ ለዛ ነው ጽፌ ያስቀመጥኩት።

ነገሩ እንዴት እንደሚያያዝ በአጭሩ ልበል፣ ደረጃዎቹ ከዚህ ስለሚመጡ። ድብርት ሲይዝ ጉልበት ይጠፋል፣ ጉልበት ሲጠፋ መጀመሪያ ከሚቀሩት ነገሮች አንዱ መቦረሽ ነው፣ ምግብ ይጠላና ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ይጠጣል። ጭንቀት ደግሞ አፍ ያደርቃል፣ ሌሊት ጥርስ ያፋጫል። የተበላሸው አፍ በተራው ዝም አይልም፦ የታመመ ጥርስ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ድብርቱን ያባብሰዋል፣ አፌ ይሸታል ብሎ የሚፈራ ሰው ቡና ሲጠራ ይቀራል፣ ለቅሶ ቤትም ጥግ ይይዛል፣ ከሰው መራቁ ደግሞ ጭንቀቱን ይጨምራል። ከሁለቱ በኩል ቶሎ ልትነኩት የምትችሉት አፉን ስለሆነ ከሱ እንጀምራለን። ድብርቱን ይፈውሳል ግን አላልኩም፣ እሱ የራሱ ሕክምና አለው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ፓኬቱ ላይ «ሶፍት» የሚለውን ጠይቁ፣ ጠንካራው ድድ ይልጣል።
- ፍሎራይድ ያለው ኮልጌት። ብራንዱ ለውጥ የለውም፣ ጀርባው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን ነው) የሚል ይሁን።
- አንድ ኩባያ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ።
- ንጹህ ነጠላ ጨርቅ ወይም ጎዝ።
- ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ካገኛችሁ።
- መፋቂያ፣ የወይራ ወይም የለመዳችሁት።
- የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ካርቶኑ ወይ ማሸጊያው። አትጣሉት፣ በኋላ ይፈለጋል።

የአፍ መጉመጥመጫ ውድ ጠርሙስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ረስቼው አይደለም። እኔ ሻጭ ነኝ፣ ቢሸጥልኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ያልተቦረሸ አፍ ላይ ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ከመሸፈን አያልፍም፣ አልኮል ያለበት ከሆነ ደግሞ የደረቀ አፍ ያቃጥላል።

ደረጃዎቹ

1. መጀመሪያ እዩት

ቀን ላይ መስኮት ጋ ቆማችሁ በመስታወት ወይ በስልክ ካሜራ አፋችሁን ከፍታችሁ እዩ። ድዱ ቀልቷል? አብጧል? ጥቁር ቀዳዳ አለ? የሚነቃነቅ ጥርስ? መግል? ለወራት የተውትን አፍ ማየት እንደሚያስጠላ አውቃለሁ፣ ግን ቤት የሚያልቀውንና ሐኪም የሚፈልገውን የምትለዩት በዚህ ነው። ያበጠና ሲነካ የሚደማ ድድ ብቻ ከሆነ አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ በመቦረሽ ይመለሳል። ቀዳዳ፣ መግልና የሚነቃነቅ ጥርስ ግን በብሩሽ አይድንም፣ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ። አፍ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም የማይጠፋ ነጭ ወይ ቀይ ነገር ካለ፣ ቢያምም ባያምም መታየት አለበት።

2. ብሩሹን አልጋችሁ አጠገብ አምጡት

ብሩሹ ግቢ ውስጥ ቧንቧ ጋ ነው፣ ውጪው ደግሞ የጦሳ ተራራ ብርድ ነው፣ ድብርት ያለበት ሰው ለዛ ብሎ ከብርድ ልብስ አይወጣም፣ በቃ። ስለዚህ ብሩሹ፣ ኮልጌቱ፣ ኩባያውና ሃይላንዱ የምትተኙበት ጎን ይሁኑ። ቁጭ ብላችሁ ቦርሹ፣ ኩባያው ውስጥ ትፉ፣ ጠዋት ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ይኼ ይሠራል፣ ግማሽ ኩባያ ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሳችሁን የሚነዝር ከሆነ ከቴርሞስ ትንሽ ሙቅ ቀላቅሉበት፣ ንዝረቱን ፈርተው መቦረሽ ያቆሙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ለምን ይኼ ሁሉ ቢባል፣ ድብርት ውስጥ የሚከብደው ቡረሻው ራሱ አይደለም፣ ተነሥቶ እስከዛ መድረሱ ነው።

3. በቀን አንዴ፣ ማታ ብቻ ጀምሩ

ምክሩ በቀን 2 ጊዜ ነው፣ እሱ አይቀየርም፣ ግን ከዜሮ የሚነሳ ሰው ሁለቱንም ካልያዝኩ ብሎ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። አንዷን ምረጡ ከተባለ ማታ ትሁን። ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል፣ ምራቅ ነው አፍ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ የሚያጥበውና ጥርሱን የሚጠግነው፣ እሱ በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ቆሻሻ ጥርስ ላይ ካደረ ጉዳቱ ከቀኑ ይብሳል።

ቀኑ በጣም የከበደ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ የሚቻለውን አርጉ፦
- ሙሉ ቡረሻ፣ 2 ደቂቃ።
- ካልሆነ 30 ሴኮንድ፣ ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን መስመር ብቻ።
- ካልሆነ ጨርቁ ላይ ትንሽ ኮልጌት ቀብታችሁ ጥርሱን መጥረግ።
- ካልሆነ በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት።

የመጨረሻዋ ቡረሻን አትተካም፣ ግን ማታ ማታ አፍን የመንካት ልማዱ እንዳይቋረጥ ትይዛለች። አንድ ቀን ከተዘለለ በማግስቱ እጥፍ አርጎ መፈተግ የለም፣ ከነበራችሁበት ቀጥሉ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ማታውን ከያዛችሁት በኋላ የጠዋቱን ጨምሩ።

ለጾመኞች፦ በረመዳን ከሱሁር በኋላ ሱብሂ ሳይደርስና ከኢፍጧር በኋላ ማታ ቦርሹ፣ ቀኑን መፋቂያ ለሚጠቀም እሱ ይበቃል። በዐቢይ ጾምም በሌላውም ጊዜ ጠዋት ኮልጌት የሚከብደው ክርስቲያን ማታ ከራት በኋላ ያለውን በጭራሽ አይዝለል። ከዛ ውጪ ያለውን ኡስታዙን ወይ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ እኔ እዛ ውስጥ አልገባም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ግን ጾም ሲገባ ሰዓቱን በራሳችሁ አትቀያይሩ፣ አትዝለሉም፣ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፣ ሰዓት ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይቻላል።

4. አቦራረሹን አስተካክሉ

ኮልጌቱ የሽምብራ ፍሬ ያክል ይሁን። ብሩሹን ወደ ድዱ ዘመም አርጋችሁ ያዙ፣ ትንንሽ ክብ እያረጋችሁ ሂዱ፣ ፊት ለፊት፣ ጀርባ፣ ማኘኪያው። ጀርባውን፣ በተለይ የታችኛው ፊት ጥርስ የምላስ በኩሉን ሁሉም ሰው ይረሳዋል፣ ቢጫው ቆሻሻ መጀመሪያ የሚደነድነውም እዛ ነው። መጨረሻ ላይ ምላሱን ከኋላ ወደ ፊት ቀስ ብላችሁ ጥረጉ።

ከዛ ትፉ እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ። ይኼን ስናገር ሰው ይገረማል፣ ግን ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ ቆይቶ ነው የሚሠራው፣ በውሃ ካጠባችሁት የገዛችሁትን ደፋችሁት ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል። ደም አይታችሁ አታቁሙ፣ የሚደማው ቆሻሻው ድዱን ስላስቆጣው ነው፣ ቆሻሻው በለስላሳው ብሩሽ ሲነሳ ይቀንሳል። 2 ሳምንት በደንብ ቦርሻችሁ አልቀንስ ካለ ሐኪም ይየው። ብሩሹን በ3 ወይ በ4 ወር ቀይሩት፣ ፀጉሩ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ከተበተነ ደግሞ ወሩን አትጠብቁ፣ ፀጉሩ ቶሎ የተበተነባችሁ ከሆነ በጣም እየተጫናችሁ ነው።

መፋቂያ ብቻ የለመዳችሁ፦ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት፣ ጫፉን አኝካችሁ ካለሰለሳችሁ በኋላ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ፋቁ፣ ወደ ጎን አትጋዙ። ፍሎራይድ ግን የለውም፣ ጀርባውንም በደንብ አይደርስበትም፣ ስለዚህ ማታ ብሩሽ ይጨመርበት።

5. አፋችሁ ከደረቀ ምክንያቱን ፈልጉ

አንድ ቀን አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው «ልጄ፣ ለአፍ የሚሆን ጥሩ መድኃኒት የለህም?» አሉኝ። ቡረሻቸው ምንም አይልም ነበር፣ ጠዋት ማታ ነው። «እማማ፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ስላቸው ከቦርሳ ያወጡት አሚትሪፕቲሊን ነው፣ ለእንቅልፍና ለራስ ምታት የታዘዘላቸው። አፋቸው ደርቆ ምላሳቸው ጣሪያው ላይ እየተጣበቀ፣ ደረቁን እንጀራ እንኳ በውሃ ነበር የሚውጡት፣ ይኼንን ግን ለሐኪማቸው ነግረውት አያውቁም፣ የእርጅና መስሏቸው።

አፍ የሚያደርቁት ብዙ ናቸው፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፕሮማዚን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት)፣ ትራይሄክሲፈኒዲል (የሱ ዓይነት መድኃኒት የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ)፣ ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱ አንዳንዶቹም። የድብርት መድኃኒቱ ፍሎክሰቲን ላይም ያጋጥማል፣ አንዳንዱን ሰው ጥርስ ያፋጨዋልም። ምራቅ ሲጠፋ ሽታም ቀዳዳም ይፈጥናል።

ምን ታረጋላችሁ፦
- መድኃኒቱን አታቁሙ። በድንገት ማቆም ሕመሙን ይመልሳል፣ አንዳንዱ ሲቆም የራሱን ጣጣ ያመጣል። ለሐኪሙ «አፌን አደረቀው» በሉት፣ መጠን ወይ ዓይነት ሊቀይር ይችላል።
- ሃይላንዱን ይዛችሁ ቶሎ ቶሎ ጉንጭ ጉንጭ በሉ፣ በተለይ ከምግብ ጋር።
- ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝኩ፣ ማኘክ ምራቅ ይጠራል። ከረሜላ መምጠጥ ግን ደረቅ አፍ ላይ ጥርስ ለማስበላት ፈጣኑ መንገድ ነው።
- የማታ ቡረሻ ለእናንተ የማይዘለል ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኒቶይን የሚወስዱ ደግሞ ድዳቸው አድጎ ጥርሱን ሊሸፍን ይችላል፣ ይኼም ለሐኪም ይነገራል እንጂ በራስ አይቆምም።

6. ስኳሩን ሰብስቡት፣ ጫቱን አስቡበት

ጥርስ የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፣ ስንት ጊዜ እንደተወሰደ ነው የበለጠ የሚወስነው። ስኳር በገባ ቁጥር አፍ ውስጥ አሲድ ይፈጠራል፣ እስኪረጋጋ ግማሽ ሰዓት ምናምን ይፈልጋል። አሁን አስቡት፣ ሦስት ስኳር ያለው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ 2 ሰዓት መጠጣትና አንዷን ስኒ በስኳር ጠጥቶ ሌላውን ያለ ስኳር መጠጣት። ቡናውን ቅሩ አላልኩም፣ ኧረ እንዲያውም ሰው መሀል መቀመጡ ለድብርት ይጠቅማል፣ ስኳሩን ነው። ከጠጣችሁ በኋላ በውሃ ተጉመጥመጡ። ለስላሳ ወይ ሎሚ ያለበት ነገር ከጠጣችሁ ግን ወዲያው አትቦርሹ፣ አሲዱ የጥርሱን ገጽ ያላላዋል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ጫት ላይ ስብከት አልጨምርም፣ ወሎ ነው ያለነው፣ ዱዓውም ጨዋታውም እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። ግን አፋችሁ የሚጠፋው በሱ በኩል ከሆነ እወቁት፦ ሰዓታት ሙሉ በአንድ ጉንጭ ይያዛል፣ አፍ ይደርቃል፣ ማወራረጃው ለስላሳና ስኳር ሻይ ነው፣ ከዛ ምርቃናው ላይ ራትም ቡረሻም ይረሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ማግስቱን ድብርቱ ይመጣል። የማትተዉት ከሆነ ማወራረጃውን ውሃ አርጉ፣ ስትጨርሱ አፋችሁ ውስጥ የቀረውን ቅጠል በደንብ አውጥታችሁ ተጉመጥመጡ፣ ሳትቦርሹ አትተኙ። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለጀመረ ሰው ግን ጫት ሕመሙን ሊያስነሳበት ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገረው።

7. መንጋጋችሁን አላሉት

ጠዋት ስትነሱ መንጋጋ የሚደክማችሁ፣ ጠንከር ያለ ነገር ሲታኘክ የሚያማችሁ፣ ጆሮ ግንዳችሁ አካባቢ የሚወጋችሁ ከሆነ ሌሊት ጥርስ እያፋጫችሁ ሊሆን ይችላል፣ አጠገባችሁ የሚተኛውን ጠይቁ። ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ የተረበሸበት ሰው ላይ በደንብ አየዋለሁ።

ቀን ላይ ጥርስና ጥርስ የሚነካካው ስታኝኩና ስትውጡ ብቻ መሆን አለበት። ስለዚህ ስልክ ባያችሁ ቁጥር አረጋግጡ፦ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ግን ለየት፣ ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ዘና ብሎ። ማታ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጫችሁ ላይ 10 ደቂቃ ያዙ፣ ጡንቻው ይላላል። ጥርሱ እየተበላ ወይ እየተሰነጠቀ ከሆነ ሐኪም ሌሊት የሚደረግ መከላከያ ይሠራላችኋል።

8. ሐኪም ጋ መሄድ የምትፈሩ

ፍርሃቱ የልጅ ነገር አይደለም፣ ብዙ ትልቅ ሰው አለበት። የሚያቀለው እንዲህ ነው፦

የመጀመሪያውን ቀን ለመታየት ብቻ ሂዱ፣ «ዛሬ ምንም አትንቀሉብኝ፣ አይተህ ንገረኝ» ማለት ይቻላል። ጠዋት ሂዱ፣ ቀኑን ሙሉ ስታስቡት አትዋሉ። በልታችሁ ሂዱ። ወንበሩ ላይ ሳትወጡ «እፈራለሁ» በሉ፣ ግራ እጄን ካነሳሁ አቁም ብላችሁ ተስማሙ፣ ማስቆም እንደምትችሉ ማወቁ ብቻውን ግማሹን ፍርሃት ይቀንሰዋል። በአፍንጫ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ።

እና የመድኃኒቱን ማሸጊያ አሳዩት፣ አፍራችሁ አትደብቁ። ይኼ ወግ አይደለም፦ ሊቲየም (ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጥ) ለሚወስድ ሰው እንደ ኢቡፕሮፌን ወይ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ከታዘዘ ሊቲየሙ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሊመርዘው ይችላል። ፍሎክሰቲን ወይ አሚትሪፕቲሊን ላይ ትራማዶል የሚባለውን ማስታገሻ መጨመር አደጋ አለው፣ እንደሚጥል በሽታ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ፍሎክሰቲንና ኢቡፕሮፌን አንድ ላይ ደግሞ የመድማት ዕድል ይጨምራሉ። የልብ ቫልቭ ችግር ያለባችሁም ከመንቀል በፊት ንገሩ።

9. ሽታው በእውነት አለ ወይስ ፍርሃቱ ነው?

ብዙውን ጊዜ ሽታ የሚመጣው ከምላስ ጀርባና ከድድ ነው፣ ከላይ ያለው ከተሠራ ይቀንሳል። በንጹህ ማንኪያ የምላሳችሁን ኋላ ፋቅ አርጉና ትንሽ ቆይታችሁ አሽትቱ። ከዛ የሚሻለው ግን የምታምኑትን አንድ ሰው መጠየቅ ነው፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ። «የለም» ካሏችሁ፣ የጥርስ ሐኪምም አይቶ ምንም ካጣ፣ እናንተ ግን ሰው አፍንጫውን በነካ ቁጥር በኔ ነው የምትሉ ከሆነ፣ እሱ ራሱ የጭንቀት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ የሚታከምም ነው። እንደዚህ ያለ ሰው በቀን 7 ጊዜ እየቦረሸ ድዱን ልጦ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል

- ፊት ወይ አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይ መዋጥ ካቃተ፣ ትንፋሽ ካጠረ። የጥርስ መግል ወደ አንገት ሲወርድ ሰው ይገድላል፣ ነገ አይባልም።
- ከተነቀለ በኋላ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ተነክሶበት የማይቆም ደም።
- «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ላጠገባችሁ ሰው ንገሩና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው፣ ወልድያ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ከሚሴ ያላችሁ ቅርባችሁ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ። ቤተሰብም መድኃኒቱን ይያዝለት፣ አሚትሪፕቲሊን አብዝቶ መዋጥ ልብ ያቆማል።

ሁሌ የማያቸው ስህተቶች

- የታመመ ጥርስ ላይ አስፕሪን መለጠፍ፣ ቤንዚን ወይ የባትሪ ውሃ ማስነካት። ድዱን ያቃጥላል፣ ጥርሱን አያድንም። ቅርንፉድ ነክሶ መቆየት ለጊዜው ያደነዝዛል፣ የቅርንፉድ ዘይቱን ግን በብዛት አታፍስሱት።
- አሞክሳሲሊን ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ። ቀዳዳው ካልታከመ ሕመሙ ይመለሳል፣ መድኃኒቱም ለሌላ ቀን ላይሠራላችሁ ይችላል።
- ለሕመሙ ፓራሲታሞልን በላይ በላዩ መውሰድ። ለአዋቂ ባለ 500ው በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ፣ ጉበት ያመመው ወይ መጠጥ የሚያበዛ ከዛም ያንሳል፣ ሐኪም ይጠይቅ።
- ጥርስ ለማንጣት ሎሚ፣ ከሰል፣ አመድ። የላዩን ይፍቃል፣ የተፋቀው አይመለስም።
- የሚደማውን በኩል ትቶ ሌላውን መቦረሽ።

አንድ የቀረ፣ ለቤተሰብ። «ልጄ ተኝቶ ውሎ ተኝቶ ያድራል፣ ጥርሱን እንዲቦርሽ ምን ልበለው?» ለምትሉ እናቶች፦ «አፍህ ሸተተ» አትበሉት፣ የባሰ ይሸሸጋል። ኮልጌቱ የተቀባበት ብሩሽና ለብ ያለ ውሃ ይዛችሁ ግቡ፣ እናንተም የራሳችሁን ይዛችሁ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ቦርሹ። እምቢ ካለ ኩባያውን ትታችሁ ውጡ፣ ነገ ማታ ደግማችሁ ግቡ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው «ጥርሴን አመመኝ» ሲል ደግሞ ሕመሙ ነው የሚያናግረው ብላችሁ አትለፉት፣ መናገር ያቃተውም ምግብ በአንድ ጎን ብቻ ሲያኝክ ወይ ጉንጩን ሲይዝ ካያችሁ ውሰዱት፣ ስትሄዱ የሕክምና ካርዱንና የመድኃኒቱን ማሸጊያ ያዙለት።